ቀይ ኤክስ ያለበት በር

ሰኞ የካቲት 2፣ ጠዋት
ሱቄን ሳልከፍት ሄሉ ሰፈር ደረስኩ። ወይ ጉዴ! አዲሱ ቤቴ በር ላይ ቀይ ኤክስ። የቀቡት የመንገድ መ/ቤት ሰዎች ናቸው። መሬቱ የመንገድ ነው፤ አርብ ዶዘር ይመጣል አሉ።

አንተ ደብተር፣ ይኸን መሬት ማን አሳየኝ? ደላላው ተስፉ! ያገሬ ልጅ ብዬ፣ በሚካኤል ሲምልልኝ አምኜ። ወረቀቱን አትጠብቂ፣ ቶሎ ግድግዳ አቁሚ፣ ቤት ያለበትን ማንም አይነካም ብሎ የመከረኝ እሱ። ከስደተኛ ካምፕ ከወጣሁ ጀምሮ ያጠራቀምኩት እዚያ ግድግዳ ውስጥ ነው። አንቄ ብገድለው ይወጣልኛል።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት
ተስፉ ሱቄ ድረስ መጣ። ሊያዝንልኝ መስሎኝ! ለካ ቀሪ ኮሚሽኑን ፈልጎ ነው። ሥራዬ ማገናኘት ነው፣ አገናኝቻለሁ፣ ኤክሱ አይመለከተኝም ይላል። ዓይኑን በጨው አጥቦ! በጨርቅ መለኪያው ብረት ግንባሩን ከፈትኩት። ደሙ አቡጀዲዬ ላይ ፈሰሰ። ለጨርቁ አዘንኩ።

ረቡዕ፣ ጠዋት
ሆስፒታል ነኝ። ተስፉ ሁለት ጎረምሳ ይዞ፣ ኮሚሽኔን በቆርቆሮ እወስዳለሁ ብሎ የአዲሱን ቤቴን ጣሪያ ሲያስነቅል ባሌ ወርቁ ደረሰባቸው። ብቻውን። ቀኝ ክንዱን በድንጋይ ሰበሩት። በጄሶ ታስሮም ፓንጋዬን፣ ያን ረጅም ገጀራውን፣ አምጪ ይላል። ግራ እጄ ይበቃዋል ይላል። ወርቁ ካለ አለ ነው። ፈራሁ።

ሐሙስ
ፓንጋውን ዱቄት ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት።
ከሰዓት ሽማግሌ ተቀመጠ፣ የኛም የቦረናም። ተስፉ ጭንቅላቱን በፋሻ ጠቅልሎ፣ በሚካኤል አልማልኩም ብሎ በሚካኤል ማለ! ሽማግሌዎቹ ኮሚሽኑን ግማሽ ክፈይ፣ እሱም የወርቁን ክንድ ያሳክም፣ ይቅር ተባባሉ አሉ። ተነስቼ ወጣሁ። ወርቁ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱን ሲበረብር አመሸ።

አርብ፣ ጠዋት 12 ሰዓት
ዶዘሩ ሳይቀድመኝ በሩን ከነኤክሱ ነቀልኩ። ተስፉ ቢሮ ፊት ለፊት እቸነክረዋለሁ። ሞያሌ ውስጥ ኤክስ አይቶ መሬት የሚገዛ የለም። ኮሚሽኑ ይኸው ነው።

ወርቁ በግራው ሊያግዘኝ መጣ። እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው። ወገቡ ላይ ፓንጋው።
ስጠኝ ልለው ነበር። አላልኩም። ተስፉ አይቶ ዝም ካለ እሰየው፣ እንመለሳለን። አንዲት ጠጠር ካነሳ ግን ወርቁን አልይዘውም።