ዓሣ ቤቱ ሽማግሌ ላከብኝ

አያሌው ሆዴ፣ ወንድምዓለሜ፣

አፈሩ ይቅለልህ። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቀረሁት ረስቼህ አይደለም፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ለቅሶ ብቻ እየመጣብኝ ነው። አንተ ደግሞ ለቅሶ አትወድም። የገዛ እናትህ የሞቱ ጊዜ እንኳ አስተዛዛኙን ሁሉ አስቀህ ነው የሸኘኸው። ዛሬ ግን ሆዴን እስኪያመኝ የሳቅሁበትን ወሬ ይዤልሃለሁ። ያ አንተም ሳትረታ እኔም ሳልረታ ያቋረጥነው ክርክራችን ፍርድ አገኘ። አትቸኩል፤ እንደ ልማዴ ከሥሩ ልጀምርልህ።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ፍሬ ያዘ፤ አንተ «ይህ እንጨት ነው» ብለህ ልትቆርጠው የነበረው ማንጎ! ልጃችን ባንቺአምላክ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ቁመቷ ያንተ፣ አፏ የኔ ሆኗል፤ አስበው እንግዲህ።

ዘነቡ ሴፍቲኔት ገብታ የድሃ ድጎማ ማግኘት የጀመረች ጊዜ ትዝ ይልሃል? ያቺ ከፊት ለፊታችን ያለችው፣ ወገቧን የሚያማት ጎረቤታችን። ጠዋት ጠዋት የሐይቁን ዳር መንገድ ትጠርጋለች፣ የዘንባባውን ሥር ትኮተኩታለች፤ ፀሐይ ሳትከር ቤቷ ናት። እኔ ደግሞ በማለዳ ዓሣ ቤት ገብቼ የቆሮሶ ቅርፊት ስፍቅ፣ ሥጋውን ካጥንቱ ስለይ እውላለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ የሷ ድጎማ ከኔ ደመወዝ ይበልጣል። አንተ ከደልጊ ጀልባ ጆንያ ስታወርድ ውለህ፣ ትከሻህ በማሽላ አቧራ ነጥቶ ገባህና ይህንኑ ሰማህ። ጫማህን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመህ «እንዴ የሺ! ለድሃ የሚሰጠው ከሠራተኛው ደመወዝ ከበለጠ ነገ ማን ጆንያ ይሸከማል?» አልኸኝ። እኔም «ታዲያ የኔን ጨምሩላት በላቸው እንጂ ከዘነቡ ላይ ምን ዓይንህን ጣለው?» አልሁህ። «ሥራ ክብር ነው» አልህ። «ክብሩን እንግዲህ ወጥ አድርጌ ልሥራልህ» አልሁህ። ሳቅህ እንዳይታይብህ ወደ ግድግዳው ስትዞር አይቼሃለሁ፤ ትከሻህ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ካንተ በኋላ የጆንያው ገንዘብ ቀረ፤ የዓሣው ብቻ ሆነ። አልዋሽህም፣ ከበደን። አንድ ቀን ባንቺአምላክ ከኮሌጅ ስትመለስ ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ አኑራ «እማዬ፣ አንድ እንግዳ ማረፊያ ልብስ አጣቢ ይፈልጋል፤ እኔ ልግባ፣ ትምህርቱ ይቆየኝ» አለችኝ። አያሌው፣ አንተ ያንን ሁሉ ጆንያ የተሸከምኸው ይህንን እንዳልሰማ ነበር። በማግስቱ ሰፈሩ ሴፍቲኔት የሚገባ ድሃ ሊመርጥ ሲሰበሰብ ሄጄ ዋርካው ሥር ተቀመጥሁ። ዘነቡ ተነሥታ «የሺን ጻፉልኝ» አለች፤ ተጻፍሁ።

አሁን ነው የምትስቀው። ኮሚቴው ኑሮዬን ሊያይ ሐሙስ ቤት ይመጣል ተባለ። እኔ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ሲባል ዝም ብዬ የምቀመጥ ሰው ነኝ? ቤቱን ከመሬት እስከ ጣሪያ አጸዳሁ። ከእትዬ ዘሐራ ያንን ከመካ የመጣ ምንጣፋቸውን ከነብርጭቆዎቹ ተዋስሁ። ከመምህሩ ቤት ቴሌቪዥን አስመጣሁ፤ ባዶ ግድግዳ እንዳያዩብኝ ብዬ። አምባዛ ዓሣ በሚጥሚጣ ጠበስሁ። ሦስቱ የኮሚቴ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ጣታቸውን ላሱ፣ መረቁኝ፤ ወጥተውም «ኑሮዋ ሞልቷል» ብለው ሰረዙኝ!

ዘነቡ ስትሰማ መጥረጊያዋን ይዛ ነው የመጣችው። «አንቺ ቂል! ድሃ ነሽ ወይ ሊሉሽ ቢመጡ ሠርግ ደገስሽላቸው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሰው ቤቴ መጥቶ ባዶ አፉን ከሚወጣ ብሰረዝ ይሻለኛል። እንዲያ አሳደገችኝ እናቴ።

የተመረጡት ስም በሕዝብ ፊት በተነበበ ቀን ቅሬታ ያለው ተብሎ ተጠየቀ። እኔ አፍሬ አቀርቅሬያለሁ። እትዬ ዘሐራ ከኋላ ተነሡ። «ያ የተቀመጣችሁበት ምንጣፍ የኔ ነው፤ ብርጭቆዎቹም የኔ ናቸው፤ አንዱን የሰነጠቀው ደግሞ ከናንተ አንዱ ነው» አሉ። መምህሩ ቀጠለ፦ «ቴሌቪዥኑ የኔ ነው። ያን ቀን ልጆቼ ሲያለቅሱ ውለዋል።» አንዷ ድስቱ የኔ አለች፣ ሌላዋ ወንበሩ የኔ። ዘነቡ መጨረሻ ላይ «አምባዛው ብቻ ነው የሷ፤ እሱንም በልታችሁታል» አለች። ዋርካው ሥር ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ የኮሚቴው ሰዎችም ሳቁ፤ ስሜ ተመለሰ።

ግን ሁለቱን አብሮ መያዝ የለም፤ ወይ ዓሣ ቤት ወይ ሴፍቲኔት፣ እስከ ሰኞ ወስኚ ተባልሁ። ያኔ «ሥራ ክብር ነው» ያልኸው ቃልህ መጣብኝ። ያቺን እሑድ መቃብርህ ዘንድ መጥቼ ዝም ብዬ የተቀመጥሁት ለዚህ ነበር። ፈቃድህን እየጠየቅሁ ነበር። አልመለስህልኝም፤ ዝምታ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል ብዬ ሄድሁ። ሰኞ ቢላዬን አስረከብሁ። አብረውኝ ከሚሠሩት ሦስቱ ሴቶችም ተመርጠው ኖሮ በአንድ ጠዋት አራት ሆነን ወጣን። ባለቤቱ ጋሽ መንግሥቴ «እርዳታ ሰው አሰነፈብኝ! ይህ ድጎማ ካልተቀነሰ ሥራ የሚባል ነገር ይጠፋል» እያሉ በር ድረስ ተከተሉን።

አያሌው፣ መንገድ መጥረግ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! የዓሣ እሾህ የወጋው ጣቴ ከስንት ዓመት በኋላ ዳነ። ባንቺአምላክ ስለ ልብስ አጠባው ዳግመኛ አላነሣችም። ግን አንድ ነገር ልመንልህ፣ ያንተ ነገር እውነት አለበት። ቢላዬ ናፈቀኝ። እኔ እኮ አንድ ቆሮሶ በአንድ አቡነ ዘበሰማያት አጽድቼ የምጨርስ ሴት ነኝ። የሐይቁ ነፋስ የዓሣ ሽታ ይዞ ሲመጣ መጥረጊያውን ተደግፌ እቆም ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ዘንጋቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። ግቡ፣ ተቀመጡ ብላቸው «የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም» አሉኝ። ዘነቡ ከደጃፏ ሆና ይህን አየችና እልልታዋን አቀለጠችው! መንገደኛው ቆመ። ባንቺአምላክ ከጓዳ ወጥታ በጆሮዬ «እማዬ፣ ልታገቢ ነው እንዴ?» አለች። እኔ እንዴት አድርጌ እምቢ ልበል እያልሁ ነጠላዬን አስተካከልሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጄ የሺ፣ ለጋብቻ አይደለም» አሉ። «የላኩን መንግሥቴ ናቸው። ዓሣው መጣ፣ የሚያጸዳው ጠፋ። አዲስ የቀጠሯቸው ሥጋውን ከነአጥንቱ እየሰደዱ ሆቴሎቹ መለሱባቸው። አራታችሁን አስታርቁኝ ብለው ነው።» ዘነቡ እልልታዋን ከአፏ መለሰች።

መካከለኛው ሽማግሌ «ነገሩ እኮ ድጎማው በዛ፤ እሱ ዝቅ ቢል ኖሮ ሁላችሁም ሥራችሁ ላይ ትቆዩ ነበር» አሉ። አንተን የሰማሁ መሰለኝ፤ ልክ አንተ ስትከራከረኝ እንደምመልስልህ አፌን ከፈትሁ። «አባቴ፣ ድጎማ ሳይመጣም እዚያ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ያኔ ደመወዜን ከመጨመር የከለከላቸው ማን ነበር? የዘነቡ ቢቀነስ የኔ ወጥ ይወፍራል? በዚያ ደመወዝ የቆየሁት ወድጄ እንዳይመስልዎ፤ መሄጃ አጥቼ ነው። አሁን እምቢ የምልበት ቦታ ስላገኘሁ ነው ሦስት ትላልቅ ሰዎች ደጄ የቆማችሁት።» ትልቁ ሽማግሌ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁና «መንግሥቴ ዓሣ አጽጂ መስላቸው ነው፣ ጠበቃ ኖራለች» አሉ።

እኔም የልቤን ተናገርሁ። ደመወዙ ከድጎማው ይብለጥ፣ ለእጃችን ጓንት ይገዛ፣ እሑድ ዕረፍት ይሁን፣ አራታችንም እኩል። ሄደው ተመለሱ፤ «ጓንቱን እሺ፣ ሌላውን እንይ ብለዋል» አሉኝ። ደግመው ሄዱ። በሦስተኛው ሲመጡ ሳልጋብዛቸው ገብተው ተቀመጡ፤ ያልሁት ሁሉ እሺ ተብሎ እንዳለቀ ያኔ አወቅሁ።

ይኸው ዓሣ ቤት ተመልሻለሁ። በሴፍቲኔቱ በኔ ቦታ ከመሸንቲ በኩል ሁለት ልጆቿን ይዛ የመጣች ሴት ገባች። ማን ጆንያ ይሸከማል ብለህ ነበር፤ እኔ ተመልሼ ተሸከምሁ፣ አያሌው። ሰው የሚበቃው ሲከፈለው ሥራ አይጠላም። ድጎማው ከፍ ስላለ እኛ አልወደቅንም፤ ደመወዛችን እሱን ለማለፍ ተንጠራራ እንጂ። ነገ ሴፍቲኔቱ ቢቆም ጋሽ መንግሥቴ ሊረሱት እንደሚችሉ አውቃለሁ። ለዚህ ብለን አራታችን አንዷ ስትነካ አራታችንም ቢላ ልናስቀምጥ ተማምለናል።

በመጀመሪያው ደመወዜ ስለ ነፍስህ ዳቦ ጋግሬ ቤተ ክርስቲያን ወሰድሁ፤ ከዚያም ጎረቤቱን ቤት ጠራሁ። ጋሽ መንግሥቴም መጡ። ወሬው ወደዚያው ነገር ሄደና አንዱ ሰውዬ «አያሌው ነፍሱን ይማረውና፣ ድሃ ሲሰጡት ይሰንፋል ይል ነበር» አለ። አያሌው፣ እንዴት እንደተቆጣሁ! «እንደዚያ ብሎ አያውቅም» አልሁት። ከዚያ ያንተን ነገር እኔው አስረዳሁላቸው። ዘነቡ ጠገበች ብለህ አልተቀየምህም፤ የፈራኸው ስንት ዓመት ጎንበስ ብለህ የተሸከምኸው ሁሉ ከንቱ እንዳይባል ነው። ሥራህ ከሰጡህ በላይ ዋጋ እንደነበረው አንድ ሰው እንዲነግርህ ነበር የፈለግኸው። እኔ ያኔ ወጥ ወጥ እያልሁ ስቀልድ ይህን አልነገርሁህም። እያወራሁላቸው ሳለ ነው የገባኝ። ዘነቡ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

እንግዲህ ቃል እገባልሃለሁ። አንተ መናገር ስለማትችል ያንተን ወገን እኔ እይዝልሃለሁ። ይህ ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ በዓሣ ቤትም ይሁን በዋርካው ሥር፣ አስቀድሜ አንተ የምትለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ደህና አድርጌ፣ በሙሉ ድምፄ እናገርልሃለሁ። ከዚያ በኋላ ተነሥቼ እረታሃለሁ።

ያንተው የሺ