ነገ እደውላለሁ

ጥቅምት 24
ቃሊቲ፣ ቀጀላ ስቱዲዮ ዋልኩ። ቀጀላ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው፤ ብቻውን ይሠራል። የሠራሁትን የደንበኛ መከታተያ ሲስተም የሚሞክርልኝ እሱ ነው። ዛሬም አማረረ። «ማን ደንበኛ፣ ማን ዘመድ እያልኩ ስመዘግብ ልዋል እንዴ? አቅልይልኝ በናትሽ!» እውነቱን ነው... ያንን መመዝገቢያ ሰረዝኩት። አሁን ቴክስት ለላከለት ሁሉ፣ ቀጀላ ራሱ የጻፋት መልስ ወዲያው ትሄዳለች፦ «ሰላም ነኝ፤ ሥራ ይዞኝ ነው። ነገ እደውላለሁ።»
«እማዬም መልስ ታግኝ፤ ስልክ አታነሳም እያለች ጨቀጨቀችኝ» ብሎ ሳቀ። እንዴት እንደቀለለ! ደስ አለኝ።

ኅዳር 3
ቀጀላ ሞተ። ሳሪስ መንገድ ሲሻገር... ከባድ መኪና። ምን ብዬ ልጻፍ?

ኅዳር 4
ቀበርነው። እናቱ አልነበሩም። ልባቸውን ታመው ቢሾፍቱ ሆስፒታል ተኝተዋል። መርዶው እስኪሻላቸው ይቆይ ተባለ። ሲጠይቁ «ሥራ በዝቶበት ነው» ይሏቸዋል።

ኅዳር 9
ሲስተሙን ከፈትኩ። ሰዎች ይጽፋሉ፣ እሱ ይመልሳል። ዛሬም! ለካ የሱ ስልክ ቢዘጋም መልሱ የሚሄደው ከኔ ኮምፒውተር ነው። ላጠፋው ብዬ እጄን ሰደድኩ... አልቻልኩም። ካጠፋሁት በቃ ሄደ ማለት አይደል? እየሠራሁ ዞር ዞር እላለሁ። ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል።

ኅዳር 16
እህቱ አደሴ በሬን ደበደበች። እናቱ ከሆስፒታል ወጥተዋል። ዛሬ ማለዳ ሽማግሌዎች አቃቂ ቤታቸው መርዶ ሊያረዷቸው ገቡ። እናቱ አባረሯቸው! «ሟርተኞች! ልጄ ትናንት መልሶልኛል» ብለው ስልካቸውን አሳዩ። በር ዘግተው ለቀስተኛ አላስገባም አሉ።
«ምን ዓይነት ነገር ነው የሠራሽብን?» አለችኝ። ወይ ጉዴ...

ኅዳር 17
ከአደሴ ጋር ሄድኩ። እናቱ ስልኩን ደረታቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል።
«እማማ፣ የሚመልስልዎ ቀጀላ አይደለም። እኔ የሠራሁት ነገር ነው።»
«አንቺም እንደነሱ?»
«የፈለጉትን ይጻፉለት። መልሱ ያው ነው።»
ስልኩን ከደረታቸው አነሱ። ከዚያ በአንድ ጣታቸው፣ ቀስ እያሉ ጻፉ፦ «ልጄ፣ ሞተሃል ወይ?»
ስልኩ ወዲያው ጮኸ። «ሰላም ነኝ፤ ሥራ ይዞኝ ነው። ነገ እደውላለሁ።»
ደግመው አነበቡት። ስልኩን አስቀመጡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንስተው አዘቀዘቁት።
«አጥፊው ልጄ» አሉኝ። እዚያው አጠፋሁት።
ወደ አደሴ ዞሩ። «በሩን ክፈቺ። ሰው ይግባ።»