አባባ የተከለው ሴለሪ

ለምወድሽ እህቴ ለኦርፋ፤

እንደምን ከረምሽ እታለም? ላቨርንና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የሞንታና ንፋስስ ጣራችሁን ተወላችሁ? እኔና አባባ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እሱ ጉልበቱን ያመዋል፣ ምላሱ ግን ጤነኛ ነው። ጤና ያጣው የእኔ ጭንቅላት ነው፤ የሆነውን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂኝ።

ዘንድሮ አባባ ጎመኑን ነቅሎ ከጓሯችን እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ሴለሪ ተከለ። ሁለት ሰው ለሚኖርበት ቤት! እዚህ አገር ይህን ያህል ሴለሪ የሚተከለው ለሰርግ ድግስ እንደሆነ ታውቂያለሽ። መታጨት በቤተ ክርስቲያን እስኪነገር ድረስ ምስጢር ስለሆነ ማንም አይጠይቅም፤ ሁሉም አንገቱን አስግጎ የሰው ጓሮ ያያል። ብርድ ልብስ ልንሰፋ ስንሰበሰብ ጎረቤታችን ማቲ «አንቺ ቨርና፣ ድምፅሽን አጥፍተሽ ጉድ ሠራሽን እኮ!» ብላ ሁሉንም አሳቀችብኝ። የራሴን ሰርግ ከሰው ሰማሁ። ቆይቼ ደግሞ አባባ ራሱ ሊያገባ ይሆን ብዬ ላሞቹ ጋ ገብቼ አለቀስኩ።

የከፋኝ ግን የፈርማን ነገር ነው፤ ያ ስለ እሱ የጻፍኩልሽ የፈረስ ዕቃ ሰፊው። ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድ ዳር አትክልት ከምንሸጥበት መጥቶ የማይበላውን ዱባ ይገዛ ነበር። ሴለሪው ሲያድግ እሱ ቀረ። ከጸሎት ስንወጣ አግኝቶኝ፣ መሬት መሬት እያየ «ዕድለኛ ሰው ነው» አለኝ። ማን? ብዬ ሳልጠይቀው ሰረገላው ላይ ወጣ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እወደዋለሁ ኦርፋ።

አባባን ሴለሪው ለማን ነው ብዬ ብጠይቀው «ለሚበላው» አለኝ። ሐይቁን ልታይ የመጣች አንዲት የከተማ ሴት መኪናዋን አቁማ ከሴለሪው ልግዛ ስትለው፣ ገዢ ቢያገኝ አረሙንም የሚሸጠው አባታችን «አይሸጥም» ብሎ መለሳት። ይብሱን ግራ ገባኝ።

የዛሬ አሥር ቀን ቅዳሜ ፈርማን ፊቱን አጥቁሮ መጣ። እኔን አልፎ ለአባባ «አንድ እስር ሴለሪ ይሽጡልኝ» አለው። አባባ ቀና እንኳ ሳይል «የገዛ ሴለሪውን የሚገዛ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አይለውም! የፈርማን ባርኔጣ ከእጁ ወደቀ። እኔ ቀይ ሥር መሰልኩ። አባባ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ያስደነግጥሻል? ኦርፋ ጽፋልኛለች፤ ያለቀለት ነገር መስሎኝ ነው» አለኝ። አንቺ ወሬኛ! እኔ የጻፍኩልሽ ምኞቴን ነው እንጂ መቼ ጠየቀኝና? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል አልሰማሽም?

ፈርማን ባርኔጣውን አራግፎ ደፋ። ባልዲ አንስቶ ወደ ሐይቁ ወረደና እስኪመሽ ሴለሪውን ውሃ ሲያጠጣ ቆይቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እየመጣ ያጠጣል፣ ይሄዳል። እስቲ ንገሪኝ፤ ታጭቻለሁ ወይስ አልታጨሁም?

ላቨርንን በጣም ሰላም በይልኝ። አሞስንና ሱዚን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አማትሽንም እንደምን አሉ በይልኝ። አባባ ሁላችሁንም በጥቅምት ኑ ይላል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም።

ይህን ስጽፍ ፈርማን መጣ። ዛሬ የያዘው ሁለት ባልዲ ነው፤ አንዱን ደጄ ላይ አስቀምጦልኝ ወረደ። ደብዳቤው ይብቃ፣ ልሂድ።

እህትሽ ቨርና
ከሐይቁ ዳር፣ ሰሜን ኢንዲያና
ነሐሴ አጋማሽ፣ ማክሰኞ