ወንድሜ ከተዘጋው ክፍል ለምን አልወጣም

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአባቴ ለአቶ ገብረ ሕይወት፤ ባሕር ማዶ ካለችው ልጅዎ ከኢታፈራሁ።

እንዴት ሰነበቱልኝ አባቴ? ክረምቱን ሲያስቸግርዎት የከረመው ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይስ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከመንገድ ላይ ቁጭ ብለው ያርፋሉ? እናቴስ እንዴት ናት? ሳሏ ተወት አደረጋት? ሃና ከነልጇ፣ ቢንያም ከነትምህርቱ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ሁሉ ደኅና ነው? አገሩስ ሰላም ነው? ሰው እንደ ልቡ ገበያ ወጥቶ ይገባል? እኔ በእመቤቴ አማላጅነት በአካል ደኅና ነኝ። ከማማ ሩዋይዳ ቤት አልወጣሁም። አሮጊቷ አሠሪዬም ቢሆኑ ሲከፋኝ ያውቁብኛል፣ ሰሞኑንም ምን ሆንሽ እያሉ ይጠይቁኛል። በአካል ደኅና ነኝ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ልቤም ደኅና ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

በስልክ የላኩብኝን ቃል ሰምቻለሁ። ወንድምሽን ከዚያ ከክፉ ክፍል አስወጪልኝ፣ ሌላው እስረኛ ፀሐይ ሲሞቅ የኔ ልጅ ለምን ይዘጋበታል ብለዋል። እዚህ ፀሐይ የሚሞቅ የለም አባቴ፤ ሁሉም ከፀሐይ የሚሸሽ ነው። ነገሩ ግን ገብቶኛል። መልሱን በስልክ ልነግርዎት ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ስልኩን የሚይዘው ቢንያም ነው፣ ቤታችን ደግሞ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ጌጤነሽ የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ ወደ አገሯ ስትገባ በእጇ ላክሁት። ዳዊት ለሚደግም ሰው የኔ ጽሕፈት አይከብደውምና መጀመሪያ ለብቻዎ ያንብቡት። ለእናቴ የሚነገረውንና የማይነገረውን እርስዎ ያውቃሉ።

ወንድሜ ሚሊዮን ባይሽ በምትባል ከተማ አጠገብ የማሽላ እርሻ ላይ ይሠራ እንደነበር ያውቃሉ። ባለቤቱ አምኖት የሠራተኞቹ ኃላፊ አድርጎት ነበር። በየመን በኩል ድንበር ተሻግረው የሚመጡ ያገራችን ልጆች ሥራ የሚገቡት በሱ ነው፣ የት እንደሚያድሩ የሚያሳያቸውም እሱ ነው። ሂክማ ለሠራተኞቹ ምግብ ልታበስል የገባችው እንዲሁ ነው። ከመንደራችን ወንዝ ማዶ ያሉት የወይዘሮ ሩቂያ ልጅ ናት። ኢቃማ የላትም፤ ኢቃማ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ሚሊዮን በጉልበት ደፈረኝ ብላ ከሰሰችው፣ ተፈረደበትም። እሷም ፈቃድ የሌላት ናት ተብላ እዚያው ተያዘች። እኛ ዘንድ የተወራው ግን ኃላፊነቱን የተመኙ ሰዎች ልጅቷን አስተምረው አስከሰሱት የሚል ነበር።

በቅርቡ ከእስር ቤቱ ዘመድ ካለው ይምጣ ብለው ላኩ። ማማ ሩዋይዳን አስፈቅጄ ሄድኩ። ሽማግሌ መኮንን ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል፤ አንዲት ፊቷን የተሸፈነች ሴት ደግሞ ከጎናቸው ሆና ትጽፋለች። ከተዘጋው ክፍል የሚወጣው አሠሪው ትልቅ ሰው የሚያውቅለት ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እሳቸው ግን ቀስ ብለው አስረዱኝ። የእስር ቤቱን ክፍል እነሱ ዐንበር ይሉታል። የተዘጋ ዐንበር አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ክፍት የሚባልም አለ። እንዲህ ባለ ወንጀል የተፈረደበት ሰው መጀመሪያ ሁሉም የተዘጋው ውስጥ ይገባል። ከጊዜ በኋላ ቁጭ ብለው ይመዝኑታል። በጉልበት ነው ወይ ያደረገው? ተበዳይዋ በሱ እጅ ሥር የነበረች ናት ወይ? ከዚህ በፊት የተሰማበት ነገር አለ? እዚህ ከገባ ወዲህ ከሰው ጋር እንዴት ነው? ሌሎቹ እስረኞች ይጎዱታል ተብሎ ይፈራለታል? ከሁሉም በላይ ያደረገውን ያምናል ወይስ ይክዳል? ፍርዱ ስንት ዓመት እንደሚታሰር ይነግረናል፣ ከማን ጋር ማደር እንደሚችል ግን አይነግረንም አሉኝ።

ክፍቱ ዐንበር የገባ እስረኛ ሥራ ይሰጠዋል። ግቢ ያጸዳል፣ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ለተያዙት ስደተኞች ምግብና ውኃ ያደርሳል። የመመለሻውም ጊዜ ይፈጥንለታል። ሚሊዮን ወደዚያ ልዛወር ብሎ አመልክቷል። ልጅቷ እጮኛዬ ነበረች፣ ሽማግሌም ተልኮ ነበር፣ እህቴ ታውቃለች ብሏቸዋል። መኮንኑ ይህን ነግረውኝ፣ አሁን አትመልሺልኝ፣ መጀመሪያ ወንድምሽን አግኚው አሉኝ።

አባቴ፣ ሚሊዮን ከስቷል። ጸጉሩን ተላጭቷል፣ ዓይኖቹ ገባ ገባ ብለዋል። በመካከላችን ባለው መስተዋት ማዶ ሆኖ እታለሜ አለኝ። በልጅነቱ በጀርባዬ ያዘልኩት ወንድሜ ነው። ጥቂት አለቀስን፣ ስለ እናቴ ጠየቀኝ። ከዚያ እጮኛው ነበረች በያቸው አለኝ፤ አንድ ቃል ናት፣ ማንንም አትጎዳም አለኝ። እኔም ሚሊዮን፣ አድርገኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አላደረግሁም ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። በእግዚአብሔር ስም እነግርዎታለሁ፣ አላደረግሁም አላለኝም።

«ኢቃማ የሌላት ሴት ፖሊስ ዘንድ ትሄዳለች ብዬ መች አሰብኩ?» አለኝ።

ሌላ ምን ብሎኝ እንደነበር አላስታውስም። እንዴት ከወንበሩ እንደተነሣሁም አላውቅም።

ወደ መኮንኑ ቢሮ እስኪጠሩኝ ድረስ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጡኝ። በዚያው ግቢ በሌላ ወገን ሊመለሱ የተያዙት ሴቶች አዳራሽ አለ። አሻራ ሊሰጡ ተሰልፈው በፊቴ ቆሙ፤ አብዛኞቹ ያገራችን ልጆች ናቸው። አንዲት ቀጭን ልጅ ዓይኗን ከኔ አልነቅል አለች። እኔ አላውቃትም። እኔና ሚሊዮን በመልክ እንደምንመሳሰል እናቴ ሁልጊዜ የምትለውን ያውቃሉ። ልጅቷ ያየችብኝ እሱን ነው። እህቱ ነሽ አለችኝ። ነኝ አልኳት። እሷም ሂክማ እንደሆነች ነገረችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልሰደበችኝም። ወደ ክፍቱ ዐንበር ሊዛወር ነው ሲባል ሰምታለች፤ እውነት እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። ምግብ የሚያመጡላቸው የክፍቱ ዐንበር ሰዎች ናቸው፤ በሩ ላይ ቆመው ኑ ውሰዱ ብለው ይጣራሉ።

«ድምፁን እንዳልሰማ ብቻ አድርጊልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ።

ወታደሯ ሰልፉን ስታስጠጋ አብራ አለፈች። እጇን ልይዛት ፈልጌ ነበር፤ በምን ፊቴ?

መኮንኑ ፊት ስቀርብ እጮኛው ነበረች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ላ አልኩ። አይደለችም ማለት ነው። ስንት ዓመት አረብኛ ስናገር እንዲህ የከበደኝ ቃል የለም። ከዚህ በፊትስ አሉኝ። ያላየሁትን አልመሰክርም፣ ልጅ ሆኖ ነው የማውቀው፣ እዚህ ከመጣ ወዲህ ያለውን ግን አላውቅም አልኳቸው። ከዚያ ልጅቷ እዚሁ ግቢ ውስጥ እንዳለች፣ እሱ ቢዛወር ደጇ ድረስ ምግብ ይዞ እንደሚመጣ ነገርኳቸው። የምትጽፈው ሴት እጇን አቆመች። መኮንኑ ይህን አያውቁም ነበር። እህቱ ሆነሽ ነው ወይ ይህን የምትናገሪው አሉኝ።

«እህቱ ስለሆንኩ አይደል የጠየቃችሁኝ?» አልኳቸው።

በተዘጋው ዐንበር እንዲቆይ ተወሰነ። ከሚመጣው ረመዳን በኋላ እንደገና ይመዝኑታል። ያደረገውን አምኖ ቢናገር፣ ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች የሚሰጠውን ትምህርት ቢከታተል፣ ከሰው ጋር በሰላም ቢኖር መካከለኛው ሊፈቀድለት ይችላል። ዓመት ቆጥሮ ብቻ ግን በሩ አይከፈትለትም ብለውኛል። አባቴ፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሳይነግርዎት ከኔ ይስሙት። ይርገሙኝ ወይም ይመርቁኝ፣ የመጣውን እቀበላለሁ።

በሚቀጥለው የጥየቃ ቀን ራሴ ልነግረው ሄድኩ። እነሱ ቀድመው ነግረውት ኖሯል። መጥቶ ከመስተዋቱ ማዶ ቆመ፣ አየኝ፣ ሳይቀመጥ ፊቱን አዙሮ ገባ። በዘበኛው በኩል እህት የለኝም ብሎ ላከብኝ። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲው ውስጥ እንደ ለቅሶኛ ነበርኩ፤ ሹፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋልኝ።

አሁን የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ወደ ወይዘሮ ሩቂያ ደጅ ሽማግሌ ሊልኩ እንዳሰቡ ሃና ነግራኛለች። የይቅርታ ቃል ከተገኘ ፍርዱ ይቀልለታል ብሎ የመከረዎት ሰው አለ አሉ። እባክዎ አይላኩ። ሂክማ ባለፈው ሳምንት በአውሮፕላን ተመልሳለች፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት እናቷ ቤት ገብታለች። የተከበሩ ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ደጇ ሲቀመጡ ያች ልጅ እሺ ከማለት በቀር ምን መውጫ አላት? እንዲህ ያለ ይቅርታ ከጉልበት አይለይም። አንድ ጊዜ በጉልበት ተወስዶባታል፤ አባቴ፣ የእኛ ቤት ሁለተኛ አይጨምርባት። ገበያ መንገድ ላይ ብታገኟት ቀድማችሁ መንገድ ልቀቁላት። ዝም ብትልም አትቀየሟት። መንደሩ ስሟን ሲያነሣ እርስዎ ባሉበት ዝም አይበሉ፤ እርስዎ ከተናገሩ ሰው ያፍራል።

ስለ ሚሊዮን ጥላው ሄደች ብለው አይዘኑብኝ። አልጣልኩትም። በየጥየቃው ቀን ሳሙና፣ የውስጥ ልብስና ደረቅ ብስኩት በበሩ አስገባለታለሁ። እሱ አይወጣም፣ እኔም ትንሽ ተቀምጬ እመለሳለሁ። የመጀመሪያውን አልቀበልም ብሎ መልሶልኝ ነበር። ሁለተኛውንም መለሰው። ያሁኑን ግን አልመለሰም። ሳሙናው አልቆበት ይሁን ልቡ ለዝቦ አላውቅም፤ ብቻ ዘበኛው ባዶ እጁን ተመልሶ መጣ። እርስዎም በጸሎትዎ ሲያስቡን፣ አስቀድመው የሂክማን፣ ከዚያ የሱን፣ ከቀረልኝም የኔን ስም ያንሡ።

እናቴን በሁለት ጉልበቷ ስሜያታለሁ፤ ስለ ሚሊዮን ብትጠይቅ ይበላል፣ ይተኛል ይበሉልኝ፤ ይህ ውሸት አይደለም። ሃናን በጉንጮቿ፣ ልጇን በግንባሩ፣ ቢንያምን በትከሻው ይሳሙልኝ። ቢንያም አድጎ እኔን ልከተል እንዳይል አደራ። የነፍስ አባታችንን በመስቀላቸው ተሳልሜያቸዋለሁ፤ ማዶና ወዲህ ያሉትን ጎረቤቶቻችንን እንደ ዕድሜያቸው እጅ ነሥቻለሁ። ለወይዘሮ ሩቂያ ቤት ሰላምታ አልልክም። ሰላም የምላቸው እነሱ የፈቀዱ ቀን ነው።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ።

ልጅዎ ኢታፈራሁ ገብረ ሕይወት
ጂዛን፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.