ለሠርጌ የሚበቃ ባሩድ

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 1994

አባዬ ዛሬ ነፍጡን ከቆጥ አወረዱት። "በፊተኛው ሠርግሽ አልተተኮሰልሽም። በዚህኛው ይተኮሳል" አሉ። እጃቸው በዝገት ጠቁሯል። ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

ያኔ ጦርነት ነበር። ተኩስ ከተሰማ ወታደር ይመጣል ተብሎ ከበሮ እንኳ አልተመታም። እንደ ሌባ በጨለማ ነው የዳሩኝ። የዳሩኝለትም ሰው ዘምቶ ቀረ። እሑድ ደግሞ ሙላውን ላገባ ነው፤ ሰቆጣ ገበያ ውስጥ ልብስ የሚሰፋውን ሙላውን።

ጎረቤታችን እትዬ አመተ ወሬውን ሰምታ "ለፈት ደግሞ ተኩስ!" አለች፣ እኔ እየሰማሁ። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ነፍጡ የአያቴ ነው። ባሩዱን በአፈሙዙ ጨምረው፣ ጨርቅ ወትፈው፣ በብረት ዘንግ ጠቅጥቀው የሚተኩሱት ዓይነት። ባሩዱ የሚሰፈረው በባዶ ቀለህ ነው። ስንት እንደሚሰፈር ግን የሚያስታውስ የለም። ካነሰ ያስቃል። ከበዛ ነፍጡ ይፈነዳና እጅ ይወስዳል። የአባዬን እጅ።

ረቡዕ

ባሩዱ መጣ። ከጽጽቃ የመጡ ሽማግሌ ናቸው የሸጡልን። እርጥበት ይዞታል። ከእሳት አርቀን ቁርበት ላይ አሰጣነው። ዶሮዎቹ እህል መስሏቸው ሲመጡ ቀኑን ሙሉ እሽ እሽ ስል ዋልኩ። ሙሽራ ተብዬ!

የአጎቴ ልጅ "ምን አደከማችሁ፣ ክላሼን ላውሳችሁ" አለ። እንቢ አልኩ። ክላሽ በተተኮሰ ቁጥር ያ ጦርነት የተመለሰ ይመስለኛል። ይሄ ነፍጥ ሲጮህ ግን ሰምቼው አላውቅም፤ ምንም ክፉ ነገር አያስታውሰኝም።

ሐሙስ

ሙላው መጣ! ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው አማቹ ቤት የሚመጣ ሙሽራ ማን አይቷል? ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ደጅ ቆመ።

"ነፍጡን በእጅዎ ይዘው እንዳይሞክሩት ልለምንዎ ነው የመጣሁት" አላቸው።

እኔ ከበሩ ኋላ ትንፋሼን ውጬ ቆሜያለሁ። አባዬ ሲቆጡ በኽምጣንጋ፣ በአገውኛችን፣ ነው የሚሳደቡት፤ እሱን ስጠብቅ፣

"ታዲያ በምን ይሞከር?" አሉት።

ሙላው ነፍጡን ደጅ ከተጋደመ የወይራ ግንድ ጋር ጠፍሮ አሰረው። ምላጩ ላይ ረጅም ገመድ ቋጠረ። ከድንጋዩ ካብ ኋላ ተደብቀው ሳቡት። የሰፈሩት ግማሽ ቀለህ ነው፤ ያለ ጥይት፣ ጨርቅ ብቻ። ፉስ አለ። ጭስ ወጣ፤ ሌላ ምንም።

"የአህያ ፈስ እንኳ ከዚህ ይበልጣል" አሉ አባዬ።

ሙላው ጋቢውን አፉ ውስጥ ከቶ ሳቀ። አባዬም ሳቁ። ሁለቱን አብረው ሲስቁ ያየሁት ዛሬ ገና ነው።

አርብ

መጥፎ ቀን፤ ግን እግዚአብሔር ይመስገን።

"ሙሉ ቀለህ! አሁን ትዝ አለኝ፤ አባቴ ሙሉ ነበር የሚሰፍሩት" አሉ አባዬ። ሙላው ትንሽ እንዲቀነስ ለመነ። አልሰሙትም። ገመዱን ራሳቸው ሳቡ።

ምድሩ ተናጋ። ግንዱ ተገለበጠ፤ ሰደፉ ለሁለት ተሰነጠቀ። ብረቱ ግን ደህና ነው። ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ መጣ፣ "ማን ሞተ? ማን ሞተ?" እያለ።

"ማንም አልሞተም! ልጄ ልታገባ ነው!" ብለው ጮኹ አባዬ። ሰዉ ሲበተን ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ሲያገላብጡ አየኋቸው። "ይዤው ቢሆን ኖሮ..." አሉ። አልጨረሱትም።

ሙላው እርጥብ ቁርበት አምጥቶ ሰደፉን ጠቀለለና በወስፌ ሰፋው። "ሲደርቅ ይጠብቃል" አለኝ፣ ወደ እኔ ሳያይ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነው የማገባው።

ቅዳሜ

ቁርበቱ ደረቀ። እንደ አጥንት ጠነከረ።

ቀለሁ ላይ ከግማሽ ከፍ፣ ከሙሉ ዝቅ እንዲል ተስማሙ። ችግሩ የአባዬ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል። ከእጃቸው ልቀበላቸው ስል ዓይናቸው ከፋ። ተውኩት።

ሙላው ቀለሁን ወስዶ አፉን በሞረድ አሳጠረው። "አሁን ሙሉ አድርገው ይስፈሩ" አላቸው።

አባዬ ቀለሁን አገላብጠው አዩት። ፊታቸው በራ። "እንግዲህ ሙሉ ነው!" አሉ።

ነፍጡን አስረው ተኮሱ። ድም! ድምፁ ከማዶው ገደል ደርሶ ተመለሰ። ነፍጡ ንቅንቅ አላለም። ደገሙት፤ ያው። ሠለሱት፤ ያው። እኔ ደጅ ላይ ብቻዬን እልል አልኩ። ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም ይላሉ። ይበሉ።

እሑድ

እጄ በእንሶስላ ቀልቷል፤ ብዙ አልጽፍም።

ሚዜዎቹ ብቅ ሲሉ አባዬ ሰፈሩ፣ ወተፉ፣ ጠቀጠቁ። ሰዉን ሁሉ ወደ ኋላ አራቁት። ነፍጡን ወደ ሰማይ አነሡ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ድም!

ዓይኔን ስገልጥ አባዬ በሁለት እግራቸው ቆመዋል፣ እጃቸውም እጃቸው ነው፣ ጭሱ ውስጥ ሆነው ይፎክራሉ። ሰባ ያለፋቸው ሰውዬ! መጀመሪያ እልል ያለችው ማን ትሆን? እትዬ አመተ። ድምፅዋ እስኪዘጋ። ከበሮውም ተመታ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እየሰማ።

ሰኞ

በሙላው ቤት ነቃሁ። ምኑ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። ጨው እንኳ ፈልጌ አጣሁ። ይሄን ቤት እችለው ይሆን?

በጠዋት አባዬ መጡ። ትከሻቸው አብጧል፤ ሰደፉ መቷቸው ነው። "ለማንም እንዳትነግሪ" አሉ፣ ደስ እያላቸው። ቅቤ ቀባሁላቸው።

ልሂድ ሲሉ ሙላው እጃቸውን ይዞ ገበታ ላይ አስቀመጣቸው። ከተኩሱ የተነሣ የሦስታችንም ጆሮ ገና ይጮኻል። ጨው አቀብይ ለማለት እንኳ እንጯጯሃለን። የጎረቤት ሴት በገዛ ሠርጋችን ማግስት የተጣላን መስሏት ብቅ አለች።

"ምን ሆናችሁ?" አለች።

"ምን አለች?" አሉ አባዬ።

እኔም አልሰማሁም። ግቢና ብይ አልኳት።