ያልቀዳሁት ውሃ

ይድረስ ከአባቴ ቀጥሎ ላሳደገኝ፣ ለወንድም ጥላዬ ለአቶ ያረጋል፤ ሱዋኪን።

በሚያዝያ ከተለየሁዎት ወዲህ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ በጨው ነፋስ የሚብስብዎት ዓይንዎ ተሻለው ወይ? ባለቤትዎ ጸዳለስ እንደምን ናት? ሕፃኒቱ ጥርስ አወጣች ወይስ ገና ናት? እኛ በመተማ፣ ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም ይሁንና፣ ቆመን እንሄዳለን። እናታችን ከንዳዱ ተነሥታለች፤ ጉልበቷ ግን አልተመለሰም፤ ከአልጋዋ እስከ ደጃፍ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። እህታችን አሰበች ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፤ ብቻ ደክሞኛል።

ዝናቡ ዘግይቶ በሐምሌ አጋማሽ መጣ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ሄደ። አምና በዚህ ጊዜ በአጠገባችን ያለው የኮኪት ማሽላ ሰው ይሰውር ነበር ይላሉ፤ ዘንድሮ ከወገቤ አላለፈም። አሁን ሰሊጥ እያጨድን ነው። ፀሐይ ሳይበረታ ካላጨዱት ፍሬው ይረግፋልና ገና ጎሕ ሲቀድ እንወጣለን፤ ጎንበስ ብዬ ስውል ማታ ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። ጣሊያን ከድንበሩ ወንዝ ወዲህ፣ እንግሊዝ ከወንዙ ወዲያ ሆነው ይተያያሉ፤ ለመሻገር ወረቀት ይጠየቃል፤ በፖስታ የሚሄድ ደብዳቤም ተከፍቶ ይነበባል ይባላል። ስለዚህ ነጋዴው ኸሊፋ ይህን እስከ ገዳሪፍ በግመል፣ ከዚያም በባቡር በሚሄድ ዘመዱ እጅ እንዲያደርስልኝ ለምኜዋለሁ።

ወንድም ጥላዬ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት ወደ ነገሬ ለመግባት ስለ ፈራሁ ነው።

በሐምሌ የጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። ለእናታችንና ለአሰበች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የውሃ ሐኪም የምንለው ፈረንጅ ከባሕሩ እየተቀዳ የተለካውን ውሃ የሃያ ዘጠኙንና የሠላሳውን ዓመት መዝገብ አስተያይቶ፣ «በብርዱ ወራት ባሕሩ ያው ነው፤ ከዓመት ዓመት አይለዋወጥም» ማለቱን፤ ይህንኑ በመጽሐፍ ሊያሳትመው መሆኑን፤ የሚፈልገውን ስላገኘም ከመጪው ኅዳር ጀምሮ ውሃ መቅዳቱ እንደሚቀር፤ የእርስዎና የእኔም ስም በመጽሐፉ እንደሚገባ ጽፈውልኛል። አሰበች እልል አለች። እናታችን ግን፣ «ለመሆኑ ባሕር ምኑ ነው የሚለካው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እርስዎ እንዳስተማሩኝ አድርጌ ነገርኳት። ሰው ተንፍሶ የሚያወጣው፣ እንጨትም ሲነድ የሚወጣው አየር አለ፤ ባሕር ከዚያ አየር ይጠጣል። በውሃው ውስጥ ዓይን የማያያቸው አረንጓዴ ነገሮች ያንን ተመግበው ያድጋሉ፤ ሲሞቱም ይዘውት ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ነፋስና ብርድ ውሃውን ሲያማስለው ደግሞ የታችኛው ወደ ላይ ይወጣና ባሕሩ የዋጠውን መልሶ ይተነፍሳል። በተቀዳው ውሃ ላይ መድኃኒት ጠብ ሲደረግ፣ ያ አየር የበዛበት ወደ ቢጫ፣ ያነሰበት ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፤ ቀለሙን ቁጥር ከተጻፈባቸው ብልቃጦች ጋር እያስተያየን እንጽፋለን አልኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «እንግዲህ እሱም እንደ መሬት ይቀበላል፣ ይሰጣል። መሬት በየዓመቱ ፊቷ ሲለዋወጥ እሱ እንዴት አንድ ሆነ?» አለችኝ። ደብዳቤዎን አጥፌ ወጣሁ።

መልሱን ለእርስዎ ልንገርዎ። ባሕሩ አንድ አልነበረም፤ አንድ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አምና በጥቅምት ከሐኪሙ ጋር በመርከብ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ሥራውን ለእኔ ትተውልኝ ነበር። «ውባንተ ማለት እኔ ማለት ነው» ብለው ለሐኪሙ ቃል ሲገቡልኝ ቆሜ ሰምቻለሁ። ኅዳር ስምንት ቀን ከባለ ፈሉካው ከአብዱልሀኪም ጋር በጀልባው ወደ ተለመደው ቦታ ቀዝፈን ወጣን። ውሃውን ቀዳሁ፤ መድኃኒቱን ጠብ አደረግሁ። በሃያ ዘጠኙ ኅዳር ወይን ጠጅ የነበረው ቢጫ ሆነብኝ። መድኃኒቱን ፀሐይ አስመትቼ አበላሸሁት ብዬ ደነገጥኩ፤ ያ ጠርሙስ ከስንት አገር ተሻግሮ እንደ መጣ አውቃለሁና። ኅዳር አሥራ ስምንት ቀን ደግሜ ወጣሁ፤ ይባስ ብሎ ቢጫ ሆነ። አላዋቂ ይሉኛል፣ ወንድሜንም አሳፍረዋለሁ ብዬ የሃያ ዘጠኙን መዝገብ ገልጬ ከዚያ ገለበጥኩ። እንዳይታወቅብኝ አንዱን ቁጥር ጥቂት ከፍ፣ አንዱን ጥቂት ዝቅ አደረግሁ።

መጀመሪያ ፍርሃት ነበር፤ በኋላ ስንፍና ሆነ። ቁጥሩ ከመዝገብ የሚገኝ ከሆነ ለምን እቀዝፋለሁ አልኩ። አብዱልሀኪም በየአሥር ቀኑ ፈሉካውን አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ እኔ ዛሬ ነፋስ አለ እለዋለሁ። አንድ ቀን ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ሳለ፣ «የምን ነፋስ?» አለኝ። ራሴን አሞኛል አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም፤ ፈሉካውን ማዘጋጀቱን ግን አልተወም። እንዲህ እያልኩ እስከ የካቲት መጨረሻ አሥር ጊዜ ያልቀዳሁትን ውሃ ጻፍኩ። በመጋቢት ተመልሰው መዝገቡን ሲያዩ የእጅ ጽሑፌ መስተካከሉን አመሰገኑልኝ። ያን ዕለት ልነግርዎ አፌን ከፍቼ ነበር። ወዲያው የእናታችን መታመም ተሰማና መንገዱ መሸሸጊያ ሆነኝ።

በመስቀል ማግሥት ለእናታችን ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ የምትቀበለው ከአሰበች እጅ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠራችኝና፣ «በሕይወቴ ሳለሁ ጻፍለት። ከባሕሩ ከሚሰማው ከአንተ ይስማው» አለችኝ። «በእኔ ጦስ እንጀራው ቢቆረጥስ?» አልኳት። «እንጀራስ ተቆርጦ ይቀጠላል፤ እምነት ግን...» አለች። የቀረውን አልጨረሰችውም፤ እኔም እንድትጨርሰው አልጠየቅኋትም።

መድኃኒቱ አልተበላሸም ነበር። በመጋቢት እርስዎ ራስዎ በዚያው ጠርሙስ ሲለኩ ደህና አድርጎ እንደ ሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የኅዳሩ ቢጫ የባሕሩ እንጂ የእኔ ስሕተት አልነበረም። ሁለቱን እውነተኛ ቁጥሮች የጻፍኩበትን ቁራጭ ወረቀት በዳዊቴ መካከል ደብቄው ኖሬያለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሰፍቼ ልኬዋለሁ። ለሐኪሙ ይስጡልኝ። የቀሩትን አሥር ቀኖች ይሰርዟቸውና ባዶ ይተዉአቸው፤ የምሞላበት ነገር የለኝም። ማሽላ ቢከስር ለከርሞ ይዘራል፤ የሠላሳውን ዓመት ውሃ ግን ማንም ተመልሶ አይቀዳውም።

የዘንድሮውን ግን ይቀዱት። ኅዳር ስምንት ሳይደርስ ይህ ወረቀት እጅዎ እንዲገባ ነው ጸሎቴ። ሥራው እንዳይዘጋ ለሐኪሙ ይንገሩልኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ብቻ መሆኑን አይሸሽጉት። ስሜን ከመጽሐፉ ያውጣው። ሰሊጡ ከገባ በኋላ የመሻገሪያ ወረቀት ካገኘሁ መጥቼ በፊታችሁ እቆማለሁ። የሚጠብቀኝ ዱላም ቢሆን ከዚህ ዝምታ አይከብደኝም። አልይህ ካሉኝ ግን በኸሊፋ በኩል አንድ ቃል ይላኩብኝ፤ እቀራለሁ።

ለጸዳለ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ ስታመም ያስታመመችኝን አልረሳም። ሕፃኒቱን በሁለቱም ጉንጮቿ ይሳሙልኝ። ለአብዱልሀኪም ሰላም ይበሉልኝ፤ ለዋሸሁትም ይቅር ይበለኝ። አሰበች እጅ ትነሣለች፤ ለሕፃኒቱ ፈትላ ያሠራችውን መቀነት ኸሊፋ ይዞላችኋል።

እናታችን ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አስነብባኝ ሰማች። ሌላ የሚጨመር አላት እንደሆነ ጠየቅኋት፤ «የለኝም» አለች። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ፣ ራሷ አጥፋ ሰጠችኝ።

ታናሽዎ ውባንተ

መተማ ዮሐንስ፣ ጥቅምት ፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.