ፊቴ ገዢ የሚያባርርበት ቤት

ልጄ፣ ዓይኔ፣ ካለህበት ክፉ አይንካህ፤ የያዝከው ሁሉ ይባረክልህ። እኛ ደህና ነን። የአባትህም ጉልበት ተሽሎታል።

የቤት ዋጋ መውረዱን ከሰማ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለውም። «ዛሬ ካልሸጥን ነገ ዞር ብሎ የሚያየን የለም» እያለ ደላላውን ሲያመላልስ ይውላል። ገዢ ነን ባዮቹማ እንዴት እንደሚያስጠሉ! ጫማቸውን ሳይጠርጉ መኝታ ቤቴ ዘው ይላሉ። አንዷ የድስቴን ክዳን ከፍታ አሸተተች። ምን ይሉት ጉድ ነው? ድስቱም አብሮ የሚሸጥ መስሏት ይሆን?

ይባስ ብሎ ደላላው «እማማ፣ ፊትዎ ገዢ ያባርራል፤ ሰው ሲመጣ ወጣ ይበሉ» አለኝ። ምን ይል ይሆን ብዬ አባትህን ባየው፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንድ ገዢ ሲመጣ ወጣሁ። ደጅ ላይ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ለካ የሷም ቤት ሊሸጥ ነውና እሷንም አስወጥተዋታል። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ገዢው ሲወጣ የሰፈር ሰው መስዬው «እናቴ፣ ይሄ ቤት እንዴት ነው?» አለኝ።

«ያፈሳል» አልኩት። «ባለቤቲቱም ክፉ ናት።»

እግሬ አውጪኝ ብሎ ሄደ። አባትህ ምን እንዳስበረገገው እስካሁን አልገባውም፤ አደራ፣ እንዳትነግረው።

አንድ ነገር ልለምንህ ልጄ። ሰሞኑን ስትደውል ገና «ሃሎ» ሳልል «ስንት ሰጡ?» ትለኛለህ። እሱ የደላላ ሰላምታ ነው። መጀመሪያ «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» በለኝ።

እግዜር የምትሸጠው ሳይሆን የምታረጅበት ቤት ይስጥህ።

ክፉዋ ባለቤት፣
እናትህ